ጣሊያንኛና ስፓኒሽ በአዲስ አበባ፦ ከአራዳ ትምህርት ቤት እስከ ዩኒቨርሲቲ

አንድ የውጭ ቋንቋ በዩኒቨርሲቲ ውስጥ ራሱን የቻለ ትምህርት ክፍል እንዲሆን አራት ነገሮች ያስፈልጉታል። እነሱም ቋንቋውን ጠንቅቆ የሚያውቅ መምህር፣ መዝገበ ቃላትና የሰዋስው መጽሐፍ፣ ተማሪ አሰናድቶ የሚልክ የበታች ትምህርት ቤት፣ እንዲሁም ተመራቂውን የሚቀበል የሥራ መስክ ናቸው። ከአራቱ አንዱ ከጎደለ ትምህርቱ ቢጀመርም አይዘልቅም። ጣሊያንኛና ስፓኒሽ በአዲስ አበባ የተጓዙበት የትምህርት መንገድ ይህን በግልጽ ያሳያል። አራቱም ነገሮች በከተማዋ ታይተዋል፤ የታዩት ግን በተለያየ ዘመንና በተለያየ ቦታ ነው። በዚህ ዝግጅት የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የኢትዮጵያና የጣሊያን የቋንቋ ትምህርት ግንኙነት የተጀመረው ከአዲስ አበባ መቆርቆር አራት መቶ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ በሮም ከተማ ነው። በቫቲካን፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ የኢትዮጵያውያን ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ። በኢየሩሳሌም በኩል አድርገው ሮም የሚደርሱ የኢትዮጵያ መነኮሳት ከ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የሚያርፉት በዚሁ ቦታ ነበር። ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን ግእዝን ከእነዚህ መነኮሳት ተምሮ በ1513 በሮም መዝሙረ ዳዊትን በግእዝ ፊደል አሳተመ። በ1548 እና በ1549 ደግሞ አባ ተስፋ ጽዮን የተባሉት ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ከባልንጀሮቻቸው ጋር ሆነው ሐዲስ ኪዳንን በግእዝ አሳተሙ። አንድ መቶ ዓመት ቆይቶ፣ በ1649፣ አባ ጎርጎርዮስ እዚያው ሮም ከጀርመናዊው ሊቅ ከኢዮብ ሉዶልፍ ጋር ተገናኙ። ሉዶልፍ በ1698 ያሳተመው የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት መሠረቱ ከአባ ጎርጎርዮስ የተማረው ነው። በዚያ ዘመን በመምህርነት ወንበር የተቀመጡት ኢትዮጵያውያን፣ ደቀ መዛሙርቱም አውሮፓውያን ነበሩ።

ይህ ግንኙነት የዘመናዊ ዩኒቨርሲቲ መልክ የያዘው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ነው። በሮም ዩኒቨርሲቲ የሴማውያን ቋንቋዎች መምህር የነበረው ኢኛሲዮ ጉይዲ በ1901 አማርኛን በጣሊያንኛ የሚፈታ ትልቅ መዝገበ ቃላት አሳተመ። በሥራው ሁሉ የረዱት፣ ቃሉንና ምሥጢሩን ያስረዱት ደብተራ ክፍለ ጊዮርጊስ ነበሩ። ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ በ1895፣ ፍሥሐ ጊዮርጊስ ከኢትዮጵያ ወደ ጣሊያን ያደረጉትን ጉዞ በትግርኛ ጽፈው ሮም ላይ አሳትመው ነበር። መዝገበ ቃላቱም የጉዞ መጽሐፉም የተሠሩት ቋንቋውን በአፍ መፍቻነት የሚያውቁ ሰዎች ባሉበት ነው። የጉይዲ መጽሐፍ ከመቶ ዓመት በኋላም በአጥኚዎች እጅ የሚገኘው ስለዚህ ነው።

የኔፕልስ ከተማ ታሪክ ደግሞ ለትምህርት ክፍል አመሠራረት ይበልጥ ቅርብ ነው። በዚያች ከተማ ማቴዮ ሪፓ የተባለ ካህን በ1732 ለቻይናውያን ወጣቶች ያቋቋመው ኮሌጅ ከጊዜ በኋላ የምሥራቅ ቋንቋዎች ተቋም ሆነ። በ1868 ዘጌ የተወለዱት፣ በጣሊያን ቱሪን ሥዕል የተማሩት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ከ1902 ጀምሮ በዚህ ተቋም አማርኛ አስተማሩ። አፈወርቅ ሥራውን ሲጀምሩ ለተማሪ የሚመች የመማሪያ መጽሐፍ እምብዛም አልነበረም፤ ስለዚህ ራሳቸው ጻፉ። የአማርኛ ሰዋስው መጽሐፋቸውና የጣሊያንኛና አማርኛ የንግግር መማሪያቸው በ1905 ሮም ታተሙ። በአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ የሆነው ሥራቸው በ1908 እዚያው የታተመ ሲሆን፣ ስለ አማርኛ ግስ የጻፉት መጽሐፍ ደግሞ በ1911 ወጣ። ዛሬ ሎሪየንታሌ በሚል ስም የሚታወቀው ይህ ዩኒቨርሲቲ አማርኛን ማስተማሩን አላቋረጠም። ኋላ ላይ ኢትዮጵያዊው ፕሮፌሰር ያዕቆብ በየነ በዚያው አስተምረዋል። ከ1902 አንስቶ በኔፕልስ የተዘረጋው ሥራ አንድ የቋንቋ ትምህርት ክፍል እንዴት እንደሚቆም ያሳያል። መምህሩ ሲመጣ መጽሐፉ ተጻፈ፤ መጽሐፉ ሲጻፍ ተማሪው በዛ፤ ከተማሪዎቹም መካከል ቀጣዩ መምህር ተገኘ።

አዲስ አበባ ውስጥ የአውሮፓ ቋንቋዎች ትምህርት የተጀመረው በአራዳና በአካባቢው ነው። አራዳ በምኒልክ ዘመን የከተማዋ ትልቅ ገበያ ነበር። በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ አርመኖች፣ ግሪኮች፣ ሕንዶች፣ ዓረቦች፣ ፈረንሳዮችና ጣሊያኖች ሱቅ ከፍተው ይነግዱ ነበር። ለአድዋ ድል መታሰቢያ የተሠራው የዚህ ቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ሥራ ከመሩት ባለሙያዎች አንዱ ጣሊያናዊው ሴባስቲያኖ ካስታኛ ነበር። በእንዲህ ያለ ከተማ ቋንቋ ማወቅ የዕለት እንጀራ ጉዳይ ነበር። ነጋዴው ለዋጋ፣ የጉምሩክ ጸሐፊው ለመዝገብ፣ ቤተ መንግሥቱ ለውል ስምምነት አስተርጓሚ ይፈልግ ነበር። የውጫሌ ውል በአማርኛና በጣሊያንኛ የተለያየ ትርጉም ይዞ መገኘቱ ያስከተለው ጦርነትም ከመንግሥቱ አእምሮ አልጠፋም።

በ1908 የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ለዚህ ፍላጎት የተሰጠ መልስ ነው። መምህራኑ ከግብፅ የመጡ ቅብጦች ሲሆኑ መሪያቸው ሐና ሳሊብ ይባሉ ነበር። የአውሮፓ መምህራን ሃይማኖት ያስለውጣሉ የሚለው የቤተ ክህነት ሥጋት የበረደው መምህራኑ ከእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን ወገን በመሆናቸው ነው። ከትምህርቱ ዓይነቶች መካከል ፈረንሳይኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ዓረብኛ፣ ጣሊያንኛ፣ አማርኛና ግእዝ ይገኙበታል። ስለዚህ ጣሊያንኛ በኢትዮጵያ የመንግሥት ትምህርት ቤት የገባው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነው ማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላ ግን ፈረንሳይኛ ቀደመ። የጅቡቲው ባቡር የሥራ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር፤ በ1907 የተቋቋመው አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴም ቋንቋውን ያስፋፋ ጀመር። በ1925 የተከፈተው የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትም ያተኮረው በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ ላይ ነበር። ከዚህ እንደሚታየው አንድ ቋንቋ የሚስፋፋው ከጀርባው ሥራ የሚሰጥ ድርጅት ሲኖር ነው።

ከ1936 እስከ 1941 የዘለቀው የፋሺስት ወረራ ጣሊያንኛን በግድ የከተማ ቋንቋ አደረገው፤ የትምህርትን መሠረት ግን አፈረሰ። ወራሪው የአራዳን ገበያ ወደ ምዕራብ አዛውሮ አካባቢውን ለአውሮፓውያን ለየ። ፒያሳ፣ መርካቶ፣ ካዛንቺስና ፖፖላሬ የሚሉት የሰፈር ስሞች የዚያ ዘመን ቅሪት ናቸው። ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠው ትምህርት ዝቅተኛና የተለየ ሆነ። በየካቲት 1937 የጣሊያን እንደራሴ በነበረው በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ በተፈጸመው ጭፍጨፋ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሲያልቁ፣ በውጭ አገር የተማሩና ብዙ ቋንቋ የሚያውቁ ወጣቶች እየተለቀሙ ተገደሉ። ቦምቡ የተወረወረበት የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የስድስት ኪሎ ግቢ ነው፤ የሰማዕታቱም ሐውልት በበሩ ፊት ለፊት ቆሟል። ስለዚህ በዚህ ዩኒቨርሲቲ ጣሊያንኛን ማጥናት ከታሪክ ምርምር የሚነጠል ነገር አይደለም። የወረራው ዘመን ደብዳቤ፣ ቴሌግራምና የጦር ዘገባ የተጻፈው በጣሊያንኛ ነው። የጣሊያን መንግሥት በጦርነቱ የመርዝ ጋዝ መጣሉን በይፋ ያመነው በ1996 ሲሆን፣ ለዚህም እንደ አንጄሎ ዴል ቦካ ያሉ የታሪክ ጸሐፊዎች በመዛግብት ላይ ያደረጉት የረጅም ዓመታት ምርምር ዋናውን ድርሻ ይዟል። ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ የአገሩን ሰማዕታት ታሪክ ከዋናው ሰነድ እንዲያነብ ቋንቋውን በእጁ ማስገባት አለበት።

ከነፃነት በኋላ ብዙ ጣሊያኖች በአዲስ አበባ ቀሩ። ጋራዥ፣ የእንጨት ሥራ፣ የግንባታና የምግብ ቤት ሙያ በእነሱና በኢትዮጵያውያን ረዳቶቻቸው እጅ ተያዘ። በዚህ ጊዜ ጣሊያንኛ መማሪያው የሥራ ቦታ ሆነ። የመካኒክ ረዳቱ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ቸርኬ፣ ላሜራ እያለ ሙያውን ከነቃሉ ያዘ። ጎማ የሚጠግነው ጎሚስታ ተባለ። በፒያሳ ካፌዎችና ምግብ ቤቶችም ማኪያቶ፣ ፓስታ፣ መኮሮኒና አሮስቶ የአማርኛ ቃል ሆነው ቀሩ። ይህ ዓይነቱ ትውውቅ ሰፊ ቢሆንም በቃል ብቻ የሚተላለፍ ነበር። ሙያተኛው ብዙ ስሞችን ያውቃል፤ ደብዳቤ መጻፍ፣ ውል ማንበብ፣ መጽሐፍ መተርጎም ግን መደበኛ ትምህርት ይጠይቃል።

መደበኛውን ትምህርት የያዙት ሁለት የጣሊያን መንግሥት ተቋማት ናቸው። አንደኛው በጋሊሌዮ ጋሊሌይ ስም የሚጠራው የጣሊያን ትምህርት ቤት ሲሆን፣ ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ ሁለተኛ ደረጃ መጨረሻ በጣሊያንኛ ያስተምራል። ሁለተኛው በበላይ ዘለቀ መንገድ የሚገኘው የጣሊያን ባህል ማዕከል ነው፤ ለአዋቂዎች የቋንቋ ትምህርት ይሰጣል፤ ፊልም፣ ሙዚቃና የሥዕል ዐውደ ርእይ ያቀርባል። ሁለቱም ከፒያሳ ብዙ አይርቁም። ከአዲስ አበባ ውጭ ደግሞ አስመራ ነበረች። በዚያች ከተማ የኮምቦኒ ሴት መነኮሳት በ1958 ያቋቋሙት ኮሌጅ ኋላ የአስመራ ዩኒቨርሲቲ የሆነ ሲሆን፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታቱ ጣሊያንኛ የማስተማሪያ ቋንቋው ነበር። በጊዜው በነበረችው ኢትዮጵያ ጣሊያንኛ በከፍተኛ ትምህርት ደረጃ ሰፊ ቦታ ያገኘው እዚያ ነው።

በአዲስ አበባ የከፍተኛ ትምህርት የተጀመረው በ1950፣ አራት ኪሎ በተከፈተው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ነው። የኮሌጁ የመጀመሪያ መሪ ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን ሉሲየን ማት ነበሩ። የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ሆነ። በ1961 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረት ንጉሠ ነገሥቱ የገነተ ልዑልን ግቢ ሰጡ፤ በ1963 የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም እዚያው ተከፈተ። ተቋሙ ከጣሊያን ሊቃውንት ጋር የነበረው ትስስር የጠበቀ ነበር። የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ የተካሄደው በ1959 በሮም ሲሆን፣ ሦስተኛው በ1966 በአዲስ አበባ፣ አራተኛው በ1972 እንደገና በሮም ተካሄደ። በ1941 በካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ የተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናት መጽሔትም የሚታተመው በጣሊያን ነው። ግእዝን፣ ታሪክንና ሕግን የሚያጠና ኢትዮጵያዊ ከጉይዲ፣ ከኮንቲ ሮሲኒ፣ ከኤንሪኮ ቼሩሊና ከላንፍራንኮ ሪቺ ሥራዎች ጋር መገናኘቱ አይቀርም። በዩኒቨርሲቲው የውጭ ቋንቋዎችና ሥነ ጽሑፍ ትምህርት ክፍል ዋናውን ቦታ የያዘው ግን እንግሊዝኛ ነው፤ ምክንያቱም የሁለተኛ ደረጃና የዩኒቨርሲቲ ትምህርት በአብዛኛው የሚሰጠው በእሱ ነው።

የስፓኒሽ ታሪክ የተለየ መንገድ ይዟል። በኢትዮጵያ ዝነኛ ከሆኑት ስፔናውያን አንዱ በ1564 የተወለደው ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝ ነው። በ1603 ገብቶ አማርኛና ግእዝ ተማረ፤ አድዋ አጠገብ በምትገኘው ፍሬሞና ልጆች አስተማረ፤ በ1618 ግሽ ዓባይን አየ፤ በ1622 ጎርጎራ ላይ ሞተ። ስለ ኢትዮጵያ የጻፈው ትልቅ የታሪክ መጽሐፍ ግን በፖርቱጋልኛ ነው፤ የሚስዮኑ የበላይ ጠባቂ የፖርቱጋል መንግሥት ስለነበረ። ስለዚህ የስፔን ሰው ቢመጣም የስፔን ቋንቋ በአገሩ አልተተከለም።

ስፓኒሽ በኢትዮጵያ ሰፊ ተናጋሪ ያገኘው ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት ማግስት፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። በጦርነቱ ጊዜ የኩባ ወታደሮችና ሐኪሞች ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ነበር፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ሺህ ኢትዮጵያውያን ልጆች ወደ ኩባ ተላኩ። ከእነሱም መካከል አባቶቻቸውን በጦርነቱ ያጡ ነበሩበት። ያረፉት የወጣቶች ደሴት በተባለችው የኩባ ደሴት በተሠሩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ነው። ስፓኒሽ የተማሩት የክፍልም፣ የመኝታ ቤትም፣ የጨዋታም ቋንቋ አድርገው ነው። ብዙዎቹ ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ የግብርና ባለሙያና መምህር ሆነው ተመለሱ። ከፒያሳ ቁልቁል በሚወርደው የቸርችል ጎዳና በ1984 የቆመው የትግላችን ሐውልት በጦርነቱ የወደቁትን ኢትዮጵያውያንና ኩባውያን ያስታውሳል። ኩባ የተማሩት ግን የዚያ ዘመን ሕያው የትምህርት ሀብት ናቸው። ለቋንቋ ትምህርት ክፍል ከሚያስፈልጉት ሁሉ የሚከብደው መምህር ማግኘት ነው፤ ለስፓኒሽ ግን አማርኛንም ስፓኒሽንም እንደ አፍ መፍቻ የሚናገር ትውልድ በአገሩ አለ። ይህ ትውልድ ዕድሜው እየገፋ ስለሆነ እውቀቱን ለተተኪ ማስተላለፍ ጊዜ የማይሰጥ ሥራ ነው።

ለሁለቱ ቋንቋዎች የሥራ መስክም በከተማዋ አለ። የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫው አዲስ አበባ ሲሆን፣ ስፓኒሽ ከዓረብኛ፣ ከእንግሊዝኛ፣ ከፈረንሳይኛ፣ ከፖርቱጋልኛና ከኪስዋሂሊ ጋር ከኅብረቱ ቋንቋዎች አንዱ ነው። በአፍሪካ ስፓኒሽን የመንግሥት ቋንቋ ያደረገች አገር ኢኳቶሪያል ጊኒ ናት። ስፓኒሽ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ከሚሠራባቸው ስድስት ቋንቋዎችም አንዱ ነው። ጣሊያንኛ ደግሞ በግንባታና በማሽን ንግድ ጥቅም ይሰጣል። በጣሊያን የጦር ካሣ የተሠራው የቆቃ ግድብ በ1960 ተመርቋል፤ የግልገል ጊቤና የታላቁ ህዳሴ ግድብ የሲቪል ሥራ ተቋራጭም የጣሊያን ኩባንያ ነበር። አስተርጓሚ፣ የጉዞ አስጎብኚ፣ የቅርስ ባለሙያና የመዛግብት ተመራማሪ ሁሉ ከእነዚህ ቋንቋዎች እንጀራ ሊያገኝ ይችላል።

ጣሊያንኛና ስፓኒሽ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በአንድ ትምህርት ክፍል ሥር የሚሰጡት ሁለቱም የላቲን ልጆች ስለሆኑ ነው። ዝምድናቸው በሥርዓት ይታያል። ሌሊት በጣሊያንኛ ኖቴ፣ በስፓኒሽ ኖቼ ነው፤ ስምንት ኦቶና ኦቾ፤ ወተት ላቴና ሌቼ ይባላል። የጣሊያንኛው ጠብቆ የሚነበብ ት በእንዲህ ያሉ ቃላት በስፓኒሽ ች ሆኖ መምጣቱን የተረዳ ተማሪ አንዱን ቋንቋ ይዞ ወደ ሌላው በቀላሉ ይሻገራል። ተመሳስለው የሚያሳስቱ ቃላትም አሉ፤ ቡሮ በጣሊያንኛ ቅቤ፣ በስፓኒሽ አህያ ነው። ስለዚህ ጥሩ ትምህርት ክፍል ተማሪው አንዱን ቋንቋ ዋና፣ ሌላውን ሁለተኛ አድርጎ እንዲይዝ ያደርጋል፤ ሁለተኛውም የሚጀመረው የመጀመሪያው ከጸና በኋላ ነው።

የአማርኛ ተናጋሪ በእነዚህ ቋንቋዎች የሚያገኘው ብልጫ አለ። የአማርኛ ግስ በባለቤቱ ይረባል፤ እናገራለሁ፣ ትናገራለህ፣ ይናገራል ሲባል እኔ፣ አንተ፣ እሱ ማለት ግድ አይደለም። ጣሊያንኛም ፓርሎ፣ ፓርሊ፣ ፓርላ፤ ስፓኒሽም አብሎ፣ አብላስ፣ አብላ ብለው በዚሁ ሥርዓት ይሄዳሉ። የወንድና የሴት ፆታ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም። ላልቶና ጠብቆ መነበብ ትርጉም እንደሚለውጥም ከልጅነቱ ያውቃል፤ በጣሊያንኛ ፓላ ሲላላ አካፋ፣ ሲጠብቅ ኳስ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ የሚቸገርበት የኝ ድምፅም በአማርኛ አፍ ውስጥ አለ። የሚከብደው የዓረፍተ ነገሩ አሰካክ ነው። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያኖራል፤ ጣሊያንኛና ስፓኒሽ መሐል ያስገቡታል። አማርኛ ነጭ ቤት ሲል ጣሊያንኛ ካዛ ቢያንካ፣ ስፓኒሽ ካሳ ብላንካ ብለው ቤቱን ያስቀድማሉ። ከስም በፊት የሚገቡት፣ ፆታን የሚያመለክቱ ንዑሳን ቃላትም ልምምድ ይጠይቃሉ። ለአማርኛ ተናጋሪ በአማርኛ የተዘጋጀ የመማሪያ መጽሐፍ እነዚህን ነጥቦች ለይቶ ያስተምራል፤ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ የተጻፈው ግን ተማሪው የሚያውቀውን ሲያስረዳ የማያውቀውን ያልፈዋል።

የትምህርቱ ደረጃ አሰጣጥ ዛሬ ዓለም አቀፍ መለኪያ አለው። የአውሮፓ ምክር ቤት በ2001 ያወጣው ማዕቀፍ የቋንቋ ችሎታን በስድስት ደረጃ ይከፍላል፤ ሁለቱ የጀማሪ፣ ሁለቱ የመካከለኛ፣ ሁለቱ የከፍተኛ ናቸው። ለስፓኒሽ በ1991 የተመሠረተው የሰርቫንቴስ ተቋም፣ ለጣሊያንኛ ደግሞ የሲዬናና የፔሩጂያ የውጭ ዜጎች ዩኒቨርሲቲዎች በዚህ ልክ ፈትነው የምስክር ወረቀት ይሰጣሉ። በአራት ዓመት የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርት፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ለመናገር፣ ለማዳመጥ፣ ለማንበብና ለመጻፍ ይውላሉ። ቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት ሥነ ጽሑፍን፣ ታሪክን፣ የትርጉም ሥራንና የማስተማር ዘዴን ይይዛሉ። የትርጉም ትምህርቱ ወደ አማርኛና ከአማርኛ ሲሰጥ የአገር ቋንቋም አብሮ ያድጋል።

ከዚህ ሁሉ በመነሳት በአዲስ አበባ ጠንካራ የጣሊያንኛና የስፓኒሽ ትምህርት ክፍል የሚቆምበት ቅደም ተከተል ግልጽ ነው። የጣሊያን ትምህርት ቤቱና የባህል ማዕከሉ በቋንቋው የሰለጠነ ተማሪ ያቀርባሉ፤ ኩባ የተማሩት የስፓኒሽን ወንበር ያስጀምራሉ። የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መጻሕፍትና በሮም ያሉ መዛግብት የምርምር ርእስ ይሰጣሉ፤ የአፍሪካ ኅብረትና የግንባታ ሥራው ተመራቂውን ይቀበላሉ። እነዚህን በአንድ ሥርዓተ ትምህርት ማያያዝ የዩኒቨርሲቲ ድርሻ ነው። ሥራው ሲጀመር ደግሞ አባ ጎርጎርዮስ፣ ደብተራ ክፍለ ጊዮርጊስና አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የጀመሩት ልማድ መከበር ይገባዋል። እውቀት በሁለቱም አቅጣጫ ሲሄድ፣ ጣሊያንኛና ስፓኒሽ የሚማረው ኢትዮጵያዊ አማርኛንና ግእዝን ለሌላው ሲያስተምር፣ ትምህርት ክፍሉ ከውጭ በሚላክ መምህርና መጽሐፍ ላይ ብቻ ሳይንጠለጠል በራሱ ሰዎች ይቆማል።